አገርን አገር የሚያሰኘው ምንድን ነው? ከአጅማን ቴምብር እስከ እጅሽ ያለው ፓስፖርት

በአል ኢትሃድ መንገድ ከዱባይ ተነስተሽ፣ ሻርጃን አቋርጠሽ አጅማን ለመድረስ መንገዱ ካልተጨናነቀ አንድ ሰዓት አይፈጅብሽም። በዚያ አጭር ጉዞ የሦስት ገዢዎችን ግዛት ትረግጫለሽ። ዱባይ የራሷ ገዢ አላት፤ ሻርጃም አጅማንም እንዲሁ። ፖሊሳቸው ይለያያል፣ ማዘጋጃ ቤታቸው ይለያያል። የሻርጃ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ሲያርፉ ዱባይ ያሉት ዓርብን እስከ እኩለ ቀን ይሠራሉ። ዱባይ በፈቃድ የሚሸጠው የአልኮል መጠጥ ሻርጃ ውስጥ ክልክል ነው። ሆኖም ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገሪ ፓስፖርትሽን የሚጠይቅ የለም። መታወቂያሽ ላይ የተጻፈው የአገር ስምም አንድ ብቻ ነው፦ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ።

በዜና ላይ “ሉዓላዊነት” እና “ዕውቅና” የሚሉት ቃላት በየቀኑ ይነሣሉ። ስለ ሶማሌላንድ፣ ስለ ፍልስጤም፣ ስለ ኮሶቮ ሲወራ አንዱ “አገር ናት” ይላል፣ ሌላው “አይደለችም” ይላል። ማዳም ሳሎን ውስጥ በዓረብኛ የምትከታተለውና አንቺ ማታ ሥራ ስትጨርሺ በስልክሽ በአማርኛ የምትሰሚው ወሬ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ለመሆኑ አንድ መሬት አገር የሚሆነው መቼ ነው? አገር መሆኑን የሚወስነውስ ማን ነው? ነገሩ የባለሥልጣናት ብቻ ይመስላል እንጂ አንቺንም በቀጥታ ይነካል። ፓስፖርትሽ በሌላ አገር በር ላይ ዋጋ የሚያገኘው ከዚሁ ጉዳይ ነውና።

አራቱ መመዘኛዎች

እ.ኤ.አ. በ1933 የአሜሪካ አህጉር አገሮች በኡራጓይ ዋና ከተማ በሞንቴቪዴዮ ተሰብስበው አንድ ስምምነት ፈረሙ። ስለ አገርነት የሚከራከር ሁሉ እስከ ዛሬ የሚጠቅሰው ይህንኑ ሰነድ ነው። አገር ለመባል አራት ነገር ያስፈልጋል ይላል፦ ቋሚ ሕዝብ፣ የታወቀ ግዛት፣ መንግሥት፣ ከሌሎች አገሮች ጋር ግንኙነት የመፍጠር ችሎታ።

የቆዳ ስፋት በመመዘኛው ውስጥ የለም። አጅማን ከሰባቱ ኤምሬቶች ትንሿ ናት፤ ስፋቷ 260 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከእሷ በብዙ የሚያንሱት ሞናኮና ሳን ማሪኖ ግን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሙሉ አባላት ናቸው። አጅማን ሕዝብ አላት፣ መሬት አላት፣ ገዢ አላት። የሌላት አራተኛው ነው። በኤምሬትስ ሕገ መንግሥት መሠረት የውጭ ጉዳይ፣ መከላከያ፣ ዜግነትና ፓስፖርት የኅብረቱ ሥልጣን ናቸው። ለኅብረቱ ባልተሰጡት ጉዳዮች ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ኤምሬት በራሱ ግዛት ሉዓላዊ መሆኑን ያው ሕገ መንግሥት ይናገራል። ሉዓላዊነት እንዲህ ሊከፋፈል ይችላል፤ ቤቱን አንተ አስተዳድር፣ በሩን ግን በጋራ እንጠብቅ እንደማለት ነው።

የክርክሩ ሥር ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። አራቱን ያሟላ ሁሉ ወዲያው አገር ይሆናል ወይስ ሌሎች አገሮች “አውቀንሃል” ሊሉት ይገባል? በዚህ ላይ ሁለት ወገን አለ። የመጀመሪያው “አገር በመኖሯ አገር ናት፤ ዕውቅና ያለውን ነገር መመስከር ብቻ ነው” ይላል። የሞንቴቪዴዮ ስምምነትም የአንድ አገር ሕልውና በሌሎች ዕውቅና ላይ አይመሠረትም ብሎ ከዚህ ወገን ቆሟል። ሁለተኛው ደግሞ “ማንም ያላወቃት አገር ከማን ጋር ትዋዋላለች? ማንስ ይቀበላታል? ስለዚህ አገር የሚያደርጋት ዕውቅናው ነው” ይላል።

ይህ ክርክር ለአንቺ እንግዳ አይደለም። ያለ ኮንትራት ለሦስት ወር የሠራች ልጅ ሥራውን ሠርታለች፤ ያጠበችው ልብስ፣ ያሳደገችው ሕፃን ምስክሯ ነው። ደመወዟን ልትጠይቅ ቢሮ ስትሄድ ግን “ወረቀትሽ የታለ?” ትባላለች። ሥራው እውነት ነው፤ ወረቀቱ ግን የለም። አገሮችም አንዳንዴ እንዲሁ ናቸው።

አሁን ያለሽበት መሬት ትናንት

የኤምሬትስ ታሪክ ራሱ የዕውቅና ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1820 ጀምሮ የዚህ ባሕር ዳርቻ ሼኮች ከእንግሊዝ ጋር ተከታታይ ውሎች ፈረሙ። በ1892 በተፈረመው ውል ከእንግሊዝ በቀር ከማንም መንግሥት ጋር ላለመዋዋል ተስማሙ። በውስጥ ጉዳያቸው ራሳቸው ይገዛሉ፤ ወደ ውጭ የሚናገርላቸው ግን እንግሊዝ ነበረ። ማን “ሼክ” ማን “ገዢ” ተብሎ እንደሚቆጠርም እንግሊዝ ትወስን ነበር።

ከልባን እንደ ምሳሌ ውሰጂ። ዛሬ በምሥራቁ ባሕር ዳር ያለች የሻርጃ ከተማ ናት። በ1936 ግን እንግሊዝ ራሷን የቻለች ግዛት አድርጋ አወቀቻት። ምክንያቱ የሕዝቧ ብዛት ወይም የገዢዋ ኃይል አልነበረም። በ1932 በሻርጃ ማረፍ የጀመረው የእንግሊዝ አየር መንገድ ለአደጋ ጊዜ የሚያርፍበት ሜዳ ፈልጎ ነበርና ከከልባ ጋር መዋዋል አስፈለገ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከልባ ተመልሳ ከሻርጃ ጋር ተቀላቀለች። በዚያው ዘመን፣ በ1952፣ ጎረቤቷ ፉጃይራ ዕውቅና አገኘችና ዛሬ ከሰባቱ ኤምሬቶች አንዷ ሆነች። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው። አንዷ ኤምሬት፣ ሌላዋ ከተማ የሆኑት ዕውቅናው ለአንዷ ስለጸናና ለሌላዋ ስላልጸና ጭምር ነው።

በ1960ዎቹ አጅማን በራሷ ስም የፖስታ ቴምብር ታሳትም ነበር። በተራሮች መካከል ያለችው መናማ የምትባለው ትንሽ ይዞታዋ እንኳ የራሷ ቴምብር ነበራት። አብዛኛው ቴምብር ለደብዳቤ ሳይሆን በሩቅ አገር ላሉ ቴምብር ሰብሳቢዎች የሚሸጥ ነበር። ያ ቴምብር የአገር ስም ቢይዝም አጅማንን አገር አላደረጋትም።

በ1968 እንግሊዝ ከባሕረ ሰላጤው እንደምትወጣ አስታወቀች። የአቡዳቢው ሼክ ዛይድና የዱባዩ ሼክ ራሺድ አስቀድመው ተስማሙ፤ ሌሎቹንም ጠሩ። ውይይቱ ሲጀመር ባሕሬንና ኳታርም ነበሩበት፤ ሁለቱ ግን በ1971 ለየብቻ ነጻነታቸውን አወጁ። ታኅሣሥ 2 ቀን 1971 ስድስት ኤምሬቶች በዱባይ ተሰብስበው ኅብረቱን መሠረቱ። ቦታው ዛሬ በጁሜራ የኢትሃድ ሙዚየም ያለበት ነው። ከሰባት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 9፣ አዲሲቱ አገር የተባበሩት መንግሥታት አባል ሆነች። ራስ አል ኻይማ በየካቲት 1972 ሰባተኛ ሆና ገባች። ወደ አገር ቤት የምትልኪው ድርሃም እንኳ የተወለደው ከኅብረቱ በኋላ፣ በ1973 ነው።

አገር ስትወለድ ግን ሁሉም ነገር አብሮ አይፈታም። ኅብረቱ ከመታወጁ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የኢራን ጦር ወደ ሦስት ደሴቶች ገባ። ታላቁና ትንሹ ቱንብ የራስ አል ኻይማ፣ አቡ ሙሳ ደግሞ የሻርጃ ነበሩ። ስለ አቡ ሙሳ ሻርጃና ኢራን አስቀድመው የተስማሙበት ሰነድ ነበረ። ሰነዱ ሁለቱም የይገባኛል ጥያቄያቸውን እንደማይተዉ፣ አንዱም የሌላውን ጥያቄ እንደማያውቅ ጽፎ ደሴቲቱን ለአስተዳደር ከፈለ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ኤምሬትስ “ደሴቶቹ የእኔ ናቸው፣ በድርድር ወይም በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ይታይ” ትላለች፤ ኢራን ደግሞ “የእኔ ናቸው፣ የሚያከራክር የለም” ትላለች። የታወቀ ግዛት ያስፈልጋል ሲባል እያንዳንዱ ወሰን ያለቀለት መሆን አለበት ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ትረጂያለሽ።

የእኛው ጉዳይ፦ ከውጫሌ እስከ ለንደን ፍርድ ቤት

ይህን ጉዳይ እንደ ኢትዮጵያ የቀመሰው አገር ጥቂት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል ትምህርት ቤት ተምረሽዋል። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መላክ “ይቻላቸዋል” ሲል፣ በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ ነበር። ኢጣሊያ ይህንኑ ይዛ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች፤ ብዙዎቹም ዝም ብለው ተቀበሉ። በአውሮፓ ካርታ ላይ ኢትዮጵያ የኢጣሊያ ጥገኛ ሆነች። መሬት ላይ ግን አፄ ምኒልክ ይገዙ ነበር። ካርታው የተስተካከለው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ነው። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል ኢጣሊያ የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት አወቀች። ከጥቂት ወራት በኋላ የእንግሊዝና የፈረንሳይ መልእክተኞች አዲስ አበባ ደርሰው ከምኒልክ ጋር ተዋዋሉ።

ከአርባ ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ኢትዮጵያ ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ ወረረቻት፤ ግንቦት 1 ሙሶሊኒ “ግዛቴ ናት” ብሎ አወጀ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ጄኔቫ ላይ ቆመው አቤት አሉ። አርበኞች በየጫካው እየተዋጉ ሳለ ብዙ መንግሥታት ወረራውን አንድ በአንድ ማወቅ ጀመሩ። አናውቅም ብለው ከጸኑት ጥቂቶች መካከል ሜክሲኮ አንዷ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ የምትይዢበት ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ለዚሁ ውለታ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ የማይነገረውን ላጫውትሽ። ከወረራው በፊት የኢትዮጵያ መንግሥት ኬብል ኤንድ ዋየርለስ ከሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ጋር በሬዲዮ ቴሌግራፍ አገልግሎት ይሠራ ነበርና ኩባንያው ለመንግሥት የሚከፍለው ከ10,000 ፓውንድ በላይ ዕዳ ነበረበት። በስደት እንግሊዝ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ገንዘቡ ለእኔ ይከፈለኝ ብለው ለንደን ውስጥ ከሰሱ። በሐምሌ 1938 እ.ኤ.አ. ዳኛው ፈረዱላቸው፤ ምክንያቱም እንግሊዝ ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ሕጋዊ ንጉሥ ብላ የምታውቀው እሳቸውን ነበር። ኩባንያው ይግባኝ አለ። ይግባኙ ሳይሰማ፣ በኅዳር ወር፣ የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ሕጋዊ ገዢ አድርጎ አወቀ። በታኅሣሥ ፍርዱ ተገለበጠ፤ ገንዘቡን የመጠየቅ መብት ወደ ኢጣሊያ ንጉሥ ዞሯል ተባለ።

ይህን ልብ በይ። ሥራው ተሠርቷል፣ ዕዳው አለ፣ ባለ ዕዳውም አልካደም። ኢትዮጵያም አልጠፋችም፤ ሕዝቧ በቦታው ነበረ፣ አርበኛዋ ይዋጋ ነበር። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላ መንግሥት ማንን “አውቄሃለሁ” እንዳለ። ያ አንድ ቃል ደሞዝ ያስከለከለ ያህል ገንዘብ አስከለከለ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። እንግሊዝ ኢትዮጵያን ነጻና ሉዓላዊ አገር ብላ በውል ያወቀችው ግን በጥር 1942 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያም በኋላ ኦጋዴንን ለዓመታት ይዛ ቆየች።

በርበራ፣ ሀርጌሳና የዱባይ ኩባንያ

በዛሬው ዘመን ይህ ክርክር በጎረቤታችን በሶማሌላንድ ሕያው ነው። ሶማሌላንድ ሰኔ 26 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ነጻ ወጣች፤ በአምስተኛው ቀን፣ ሐምሌ 1፣ ከኢጣሊያ ከተላቀቀችው ደቡባዊት ሶማሊያ ጋር ተዋሐደች። የሶማሊያ መንግሥት ከፈረሰ በኋላ ግንቦት 18 ቀን 1991 ውሕደቱን ትቼ ወደ ቀድሞ ነጻነቴ ተመልሻለሁ አለች። ሕዝብ አላት፣ ወሰን አላት፣ ምርጫ የሚያካሂድ መንግሥት አላት፣ የራሷ ሽልንግና ፓስፖርት አላት። ከሠላሳ ዓመት በላይ ግን ከተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች አንድም ዕውቅና አልሰጣትም ነበር።

ኤርትራ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አገኘች። በሚያዝያ 1993 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ግንቦት 24 ነጻነቷ ታወጀ፣ ግንቦት 28 የተባበሩት መንግሥታት አባል ሆነች። ደቡብ ሱዳንም በ2011 ነጻነቷን ባወጀች በአምስተኛው ቀን አባል ሆነች። ልዩነቱ ምን ነበር? አዲስ አበባ ያለው መንግሥት ኤርትራን፣ ካርቱም ደግሞ ደቡብ ሱዳንን “ሂዱ” ብለዋል። ሞቃዲሾ ግን ሶማሌላንድን አላለችም። የአፍሪካ መንግሥታት በ1964 ካይሮ ላይ ከቅኝ ግዛት ሲወጡ የነበረውን ወሰን ለማክበር ተስማምተዋል። ሶማሌላንድ “እኔም የምጠይቀው ያንኑ የ1960 ወሰኔን ነው” ትላለች፤ ሶማሊያ ደግሞ “ውሕደቱ ጸንቷል፣ ወሰኑ የሁላችን ነው” ትላለች። ሁለቱም አንዱን ደንብ ይጠቅሳሉ።

የዱባዩ ዲፒ ወርልድ እዚህ ላይ ይገባል። ኩባንያው በ2016 ከሶማሌላንድ ጋር ተዋውሎ የበርበራን ወደብ ያዘ። በመጋቢት 2018 ኢትዮጵያ 19 በመቶ ድርሻ እንደምትወስድ ተነገረ። የሶማሊያ ፓርላማ ሉዓላዊነቴ ተደፈረ ብሎ ኩባንያውን ከአገሪቱ አገደ። ሆኖም እገዳው በርበራ አልደረሰም፤ አዲሱ የኮንቴይነር ተርሚናል በ2021 ሥራ ጀመረ። የኢትዮጵያ ድርሻ ግን ሳይጸና ቀረ። እንግዲህ እይው፦ ዕውቅና ያላት ሞቃዲሾ በርበራ ላይ ማዘዝ አልቻለችም፤ በርበራ ላይ የምታዘው ሀርጌሳ ደግሞ ዕውቅና አልነበራትም።

ጥር 1 ቀን 2024 ኢትዮጵያና ሶማሌላንድ ስለ ባሕር በርና ስለ ዕውቅና የመግባቢያ ሰነድ ፈረሙ። ሶማሊያ ውድቅ ነው ብላ ተቆጣች። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 11 አንካራ ላይ ኢትዮጵያ የሶማሊያን ሉዓላዊነት እንደምታከብር ተገልጾ ነገሩ በረደ። ከዚያ ደግሞ ታኅሣሥ 26 ቀን 2025 እስራኤል ለሶማሌላንድ ዕውቅና ሰጠች፤ ሶማሊያና የአፍሪካ ኅብረት ተቃወሙ። ክርክሩ ገና አላለቀም።

ለምን አይስማሙም?

ምክንያቱ ዕውቅና የሚሰጥ አንድ ፍርድ ቤት ስለሌለ ነው። እያንዳንዱ መንግሥት ለራሱ ይወስናል፤ ሲወስንም አራቱን መመዘኛ ብቻ አያይም። ወዳጁን ላለማስቀየም፣ ወደብ ወይም ነዳጅ ለማግኘት፣ በራሱ ቤት ያሉ ተገንጣዮችን ላለማነሣሣት ያሰላል። ከልባ የታወቀችው ለአውሮፕላን ማረፊያ ነው። እንግሊዝ በ1938 ኢጣሊያን ያወቀችው ሙሶሊኒን ለማባበል ነው። በሌላ በኩል የድርጊቱ ባለቤት ሕዝብም አለ። ዓድዋ ባይኖር የውጫሌው ኢጣሊያንኛ ጽሑፍ ያሸንፍ ነበር፤ አርበኞች ባይዋጉ የለንደኑ ፍርድ የመጨረሻ ይሆን ነበር። ወረቀት ያለ ሕዝብ አይጸናም፤ ሕዝብ ያለ ወረቀት ደግሞ በየበሩ ይንገላታል።

ላንቺ ምንሽ ነው?

“ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ” ይላሉ አባቶች። ዕውቅና ያለው አገር ዜጋ መሆን ይህን ተረት በመጠኑም ቢሆን የሚያፈርስ ነገር ነው። ሦስት ነገር ያዢ።

አንደኛ፣ ፓስፖርትሽ የኢትዮጵያ መንግሥት ለኤምሬትስ መንግሥት የጻፈው ቃል ነው፤ “ይህች ዜጋዬ ናት፣ ብትመለስ እቀበላታለሁ” ይላል። ሰነዱ የአሠሪሽም የኤጀንሲውም ንብረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች የፌዴራል ሕግ፣ ቁጥር 9፣ መታወቂያ ሰነዶችሽን ራስሽ የመያዝ መብት ይሰጥሻል። ጊዜው ሳያልፍ ማሳደስሽንም አትርሺ።

ሁለተኛ፣ ያ ሕግ የኅብረቱ ነው። ስለዚህ “ይህ አጅማን ነው፣ የዱባይ ሕግ እዚህ አይሠራም” ብሎ የሚያስፈራራሽ ቢኖር አትደናገጪ። የፖሊሱ ልብስ ይለያይ ይሆናል፤ ደመወዝሽ ከመክፈያው ቀን በ10 ቀን ውስጥ እንዲከፈልሽ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከደመወዝ ጋር እንድታርፊ የሚያዘው ሕግ ግን በዱባይም፣ በሻርጃም፣ በአጅማንም አንድ ነው። አቤቱታ የሚቀርብለት የሰው ሀብትና ኤምሬታይዜሽን ሚኒስቴርም የኅብረቱ ነው።

ሦስተኛ፣ አቡዳቢ ያለው ኤምባሲና ዱባይ ያለው ቆንስላ የቆሙት ሁለቱ አገሮች ስለተዋወቁ ነው። ያልታወቀች አገር ዜጋ በችግሯ ጊዜ የምትሄድበት እንዲህ ያለ በር የላትም። የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ስምምነት የተያዘ ሰው ከፈለገ ቆንስላው እንዲነገርለት ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲወጣ ኢትዮጵያውያን ለሥራ በሕጋዊ መንገድ የሚላኩበት አገር ከኢትዮጵያ ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት ሊኖረው ይገባል ያለውም ለዚሁ ነው። ስምምነት የሚፈራረመው አገር ከአገር ጋር ነው፤ አንቺ ብቻሽን ከአሠሪሽ ፊት ስትቆሚ ከኋላሽ ሊቆም የሚገባው ያ ውል ነው።

ኤምባሲው ሁልጊዜ ፈጥኖ ይደርሳል ለማለት አይደለም፤ ወረፋውንም ምልልሱንም የምታውቂው አንቺ ነሽ። ነገር ግን ቆንስላ ሄዶ “ዜጋ ነኝና ስሙኝ” ማለት ልመና አይደለም። ያንን በር ለማስከፈት ዓድዋ ላይ የወደቁ፣ በአምስቱ ዓመት በየዱሩ የተዋጉ ሰዎች አሉ። ስትሄጂ የፓስፖርትሽንና የኮንትራትሽን ኮፒ ያዢ፤ ፎቶውንም ለአንድ ለምታምኛት እህትሽ ላኪላት።